ትንሹ ሞተር ነው ብዬሽ ነበር

ውድ ባለቤቴ የሺ፣

መርዶ ስላለኝ ተቀመጪ። ተኝተሽ ከሆነም ተኝተሽ ስሚው። የተሳቢያችን የግራ የኋላ መብራት ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ደብረ ብርሃን በግ ተራ አጠገብ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ የመንዝ አውራ በግ ባደረሰበት ድንገተኛ ግጭት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟቹ መብራት በሕይወት ዘመኑ አንዴ እየበራ ሁለቴ እየጠፋ በታማኝነት ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ በጉ ምንም ጉዳት ሳይደርስበት ወደ መደበኛ ሥራው ተመልሷል። ለቀኙ መብራት መጽናናትን ተመኝቼለታለሁ።

ይኼን ያስቀደምኩት ትልቅ ነገር ሆኖ አይደለም። ልነግርሽ የመጣሁትን ለመጀመር ወኔ ስላጣሁ ነው። ታውቂኝ የለ፤ አስተማሪ በነበርኩ ጊዜ እንኳ ለወላጅ «ልጅዎ ወድቋል» ከማለቴ በፊት ስለ ዝናቡ ሁኔታ ሩብ ሰዓት አወራ ነበር።

ከተለያየን አሥር ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነን። ቤቱ ቆሟል። ጣሪያው አንቺ ባልሽው በኩል ያፈሳል፤ እኔ «በዚህ በኩል ነው» ብዬ የደፈንኩት ደረቅ ነው፣ ድሮም ደረቅ ነበር። እድሩ የተዋስነውን ድስት ቆጥሮ ተረክቧል። ሽሮ መሥራት ተምሬአለሁ፤ ጎረቤቶቻችን ግን መብላቱን ገና አልተማሩም። ጋቢሽን አጣጥፌ አላስቀመጥኩትም፤ ወንበሩ ላይ እንደ ጣልሽው ነው። እንግዳ መጥቶ እዚያ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለበት» እላለሁ፤ እሱም ግራ ገብቶት መደቡ ላይ ይቀመጣል።

ጥቁሯ ዶሮሽ አሁንም የምትውለው የመኪናው ኮፈን ላይ ነው። ውርጩ ሲበረታ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ትወጣና ክንፏን ዘርግታ ትሞቃለች። ከኔ ሌላ እዚያ ሥር ያለውን ሞተር በቅርብ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አፏን ዘግታ ኖረች። ከኔ ጋር ስትኖር የተማረችው ይመስለኛል።

በቃ፣ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አሮጌዋ ፒክአፓችን የሞተችበትን ዓመት አስታውሺ። የእህል መውቂያ ማሽናችንን በተሳቢ እየጎተትን ከጫጫ እስከ መዘዞ ገብስ የምንወቃው፣ የደጋው ሲያልቅ ደግሞ በአንኮበር ቁልቁል ወርደን አልዩ አምባ ድረስ ለጤፍና ለማሽላ የምንዞረው በእሷ ነበር። ማሽኑ ያንቺ፣ ሐሳቡ ያንቺ፣ መሪውም አብዛኛውን ጊዜ ያንቺ። እኔ ጋቢና ውስጥ ከጎንሽ ተቀምጬ ስምጥ ሸለቆ እንዴት እንደ ተፈጠረ አስረዳሻለሁ። «መምህሬ፣ ሸለቆው ተፈጥሮ ያለቀ ነው፤ አንተ ተሳቢውን በመስታወት እይልኝ» ትዪኝ ነበር። አላይልሽም ነበር፤ አሁን ልንገርሽ፣ ሸለቆውን ነበር የማየው።

ፒክአፗ ስትሞት ሰውም የሚጭን ተሳቢም የሚጎትት ትልቅ መኪና እንግዛ ተባባልን። ደላላው ሁለት አቀረበልን። መልካቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ በራቸው ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ሳይቀር አንድ። ልዩነታቸው ኮፈኑ ሥር ነው። አንዱ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ሌላው ባለ ስምንት፤ ሰው ሁሉ ቪኤይት የሚለው፣ አለቃ የሆነ ሰው ከነአቧራው የሚያልፍበት ዓይነት።

አንቺ ማየት ሳያስፈልግሽ ወሰንሽ። «ትንሹን» አልሽ። እኔ ስለ ተሳቢው ክብደት፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ከፍታውና ስለ አየሩ መሳሳት የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ሰጠሁሽ። ሰምተሽ ስታበቂ እንዲህ አልሽኝ፦ «ሽቅብ የሚጎትት ሞልቷል፤ ቁልቁል የሚይዝ ነው የጠፋው። ጉልበት ያለው መኪና ጉልበት የሌለውን ሰው ያታልለዋል። ትልቁን ካገኘህ ማሽኑንም ጆንያውንም ሰዉንም ባንዴ ጭነህ ትሄዳለህ። ትንሹ ሲያቃስት ግን ትሰማዋለህ፤ ግማሹን አውርደህ ሁለቴ ትመላለሳለህ። ሁለቴ የተመላለሰ ሰው ሁለቴ ቤቱ ይገባል።»

ይኼ የቤታችን ሕግ ነበር። አንኮበር ላይ ሲደረስ ግማሽ ጭነት፣ ሁለት ምልልስ። በፒክአፗ ዘመን አንድም ቀን አላፈረስሽውም።

ያን ሰሞን ሆድሽን እያመመሽ ነበርና አንቺ ለምርመራ ሄድሽ፣ እኔ ወደ ደላላው። መጀመሪያ ትንሹ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። የግቢው ዘበኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ቀጥሎ ትልቁ ውስጥ ገባሁ። ዘበኛው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ሞተሩን ሳስነሳው ብድግ ብሎ ቆመ። የሺ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳስተምር አንድ ተማሪ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞልኝ አያውቅም። ለራሴ «ለተሳቢው ስል ነው» አልኩ። ለደላላው «ለተሳቢው ነው» አልኩ። ደላላው ሳቁን በእጁ ሸፍኖ «አዎ ጋሼ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ።

እኔ ቤት ደርሼ መኪናውን አቁሜ ስወርድ አንቺም መጣሽ፤ ፖስታ በነጠላሽ ሥር ይዘሻል። «የትኛውን?» አልሽኝ። «ትንሹን» አልኩሽ። «እውነትህን ነው?» አልሽኝ። «ትንሹ ነው» አልኩሽ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ሐሳቤ በሳምንቱ ውስጥ ቀስ ብዬ እያሳቅኩ እነግራታለሁ የሚል ነበር። ፖስታው ሲከፈት ግን የመሳቂያው ሳምንት አለፈ።

ውሸት እንደ ተሳቢ ነው፤ አንዴ ካያያዙት በዞሩበት ሁሉ ተከትሎ ይዞራል። በማግሥቱ ከመኪናው ጎን ላይ የነበረውን የቪኤይት ምልክት በሙቅ ውኃና በምላጭ አነሳሁት። ቦታው ላይ ጠባሳ ቀረ። አንቺ በጣትሽ እየዳሰስሽ «ይኼ ምንድን ነው?» አልሽኝ። «የድሮ ባለቤቱ ከግንብ ጋር አጋጭቶት ነው።» «ፊደል ይመስላል እኮ።» «ግንቡ የተማረ ነበር» አልኩሽ። በሕመምሽ ላይ ሆነሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ፤ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። በራስሽ ላይ እየሳቅሽ እንደ ነበር አላወቅሽም።

«ምን እንዲህ ያጓራል?» ስትዪ ማርሚታው ተበስቷል አልኩሽ። «ታዲያ አስበይደው።» ሦስት ጊዜ ላስበይድ ብዬ ወጥቼ ጋራዡ ጎን ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ተመልሻለሁ። ሊብሬውን ስትጠይቂኝ «ስም ዝውውር ላይ ነው» አልኩሽ። ሊብሬው የነበረው የድሮ የጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ፣ የዓለም አየር ንብረት የሚለው ምዕራፍ መሐል ነው፤ አንቺ በዚህ ምድር ላይ በፈቃድሽ የማትገልጪው አንድ ገጽ እሱ መሆኑን አውቃለሁ።

መኪናው ግን ምልክቱ ቢነሳም ሰው አወቀው። የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ገመዱ እኔ ሳልደርስ ይወርዳል። ሠርግ ቤት ከፊት ወንበር ያስነሱልኛል። አንድ ቀን ከከተማው ዳር ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ አጠገብ ጎማ ልይ ብዬ ቆሜ ሳለ፣ ከወለጋ ማሳቸውን ጥለው የመጡ አንዲት እናት አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት በመስኮት አቀበሉኝ። «ጌታዬ፣ ለሚመለከተው አድርስልኝ» አሉኝ። እናቴ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ይኼ መኪና ገብስ ለመውቃት የተገዛ ነው ማለት ነበረብኝ። «እሺ» አልኩ። ወረቀቱን ይዤ ወደ አንድ ቢሮ በእግሬ ብሄድ በረኛው «ነገ» አለኝ። በነጋታው በመኪናው ብሄድ የበሩን ሁለቱንም ክንፍ ወለል አድርጎ ከፈተው። የገቡት ስምንቱ ሲሊንደር ናቸው፤ እኔ ተከትያቸው ነው። መልስ ግን እስካሁን የለም። እኒያ እናት መኪናውን ባዩ ቁጥር ተስፋ አድርገው ይነሳሉ፤ እኔ በሌላ መንገድ መዞር ጀምሬአለሁ።

ይኼ ሁሉ ግን ያን ቀን አንኮበር ላይ ከሆነው አይብስም።

ጥር ነበር፣ ትንሽ ተሽሎሽ ነበር። «ተኝቼ ከምሰለች ተቀምጬ ልሰልች» ብለሽ አብረሽኝ አልዩ አምባ ወረድሽ። ስንወርድ ሕግሽን አክብረን ግማሽ ግማሽ አድርገን ወረድን። ሥራው አልቆ ስንመለስ ማሽኑ ተሳቢው ላይ አለ፣ ባለማሳዎቹ የሰጡን ጆንያም ኋላችን ሞልቷል። «ሁለቴ እንመላለስ» አልሽ። ፊትሽን አየሁት፤ ገርጥቷል። ቶሎ ቤትሽ እንድትተኚ ብዬ «ይችላል፣ ባንዴ እንውጣ» አልኩሽ። ወጣን። ያን ሁሉ ጥምዝ ዳገት ሽቅብ ሞተሩ አንዴ እንኳ ሳያስለው ወጣ። እኔ ነገሩን ስለማውቅ አልገረመኝም። አንቺ ግን ጫፉ ላይ ስንደርስ አቁም አልሽኝ። ነፋሱ ነጠላሽን እየገፈፈው ወደ ታች ቆላውን አየሽ፣ ከዚያ መኪናውን ጎኑን መታ መታ አድርገሽ «እሰይ የኔ ትንሽ! አራት ሆነሽ እንደ ስምንት!» አልሻት።

ቀጠልሽና «ተሳስቼ ነበር» አልሽ። «ለካ ትንሹም ሙሉ ጭነት ይችላል። ሁለቴ መመላለስ ፍርሃቴ ነበር።» ተሳስቼ ነበር ስትዪ ስሰማሽ በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ የመጀመሪያው የተጋባን ሰሞን ሽሮ ሳፈላ ያየሽኝ ዕለት ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። ግን ፊትሽ ከበሽታው ወዲህ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም፤ እኔ እፍ ብዬ ላጠፋው ነው ብዬ አፌን ዘጋሁት። ይኼን ርኅራኄ ብዬ ስጠራው ቆየሁ። ርኅራኄ አልነበረም፤ ፍርሃት የርኅራኄ ነጠላ ለብሶ ነው።

ትክክል የነበረውን ሕግሽን በውሸቴ አስጥዬሽ፣ ስህተቷን አውቃ እንደ ተመለሰች ሰው አድርጌ ቤት አስገባሁሽ።

በመጋቢት ወንድምሽ ግርማ ከጫጫ ሊጠይቅሽ መጣ። እሱም የራሱ መውቂያ አለው፤ በትራክተር ኪራይ ሲያስጎትት ኖሮ መኪና ሊገዛ ሲያስብ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አማከረሽ። እኔ በግርጌ በኩል ውኃ ይዤ ቆሜአለሁ። እጁን ይዘሽ «ትንሹን ግዛ» አልሽው። «አይምሰልህ ግርማዬ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ያን ዳገት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። መምህሬ ምስክሬ ነው፤ አይደለም እንዴ?» ወደኔ ዞርሽ። እኔ ብርጭቆውን አቀበልኩሽ። ጠጣሽ። ከዚያ በኋላ ለሰው የሰጠሽው ምክር የለም።

ድንኳኑ ውስጥ ግርማ ለመጣው ሁሉ ነገረው፤ የእህቴ የመጨረሻ ቃሏ ለእኔ ነው፣ ስለ መኪና ነው እያለ። አንድ ሽማግሌ «ድሮ ሟች ስለ መሬትና ስለ ከብት ይናዘዝ ነበር፤ ስለ ሞተር የሚናዘዙበት ዘመን ደረስን» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። ማንም አልሳቀም። ታውቂያለሽ፣ በኛ አገር የሟች ቃል ከተያዘ ተያዘ፤ ቴክኒሻን ጠርተሽ አታስመረምሪውም። አርባሽ እንደወጣ ግርማ ደላላው ጋ ሄደ። እኔ ጥዬው የመጣሁት ባለ አራቱ ገና እዚያው ቆሞ ነበር። እሱኑ ገዛ።

በዚህ ታኅሣሥ ማሽኑን አያይዞ አልዩ አምባ ወረደ፤ ሥራውን ጨረሰ፤ እንዳልሽው ሙሉ ጭነት ይዞ ወጣ። አራተኛው ጥምዝ ላይ ሞተሩ ትንፋሽ አጠረው። ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ተሳቢው ታጠፈና ከግራ በኩል ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተላተመ። በቀኝ በኩል ቢታጠፍ ኖሮ፣ የሺ፣ በቀኝ በኩል ምን እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት እሱን ነው። ከኋላው ሽንኩርት ጭኖ ይወጣ የነበረ ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። «አልሐምዱሊላህ» አለው ግርማን ጎትቶ ሲያወጣው፤ «ወንድሜ፣ ይኼ መኪናህ ልብ አለው፣ ሳንባ ግን የለውም።» ግርማ ክንዱ ተሰብሮ ነበር።

ስልኩ ሲደወልልኝ መሪ ላይ ነበርኩ። ኬላው ላይ ገመድ እየወረደልኝ።

ልጠይቀው ሄድኩ፣ ብርቱካን ይዤ። ክንዱ በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ያፈረው እሱ ነው! «ጋሼ፣ መኪናው አላጠፋም» አለኝ። «የሺ በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፈርቼ ፍሪሲዮን ረግጫለሁ። ልቤ ቢጸና ይወጣ ነበር። ጀሶው ይፈታልኝ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ ተመልሼ እወርዳለሁ፤ ያንኑ ያህል ጭነት ይዤ በዚያው መንገድ እወጣለሁ። የእህቴን ቃል ሜዳ ላይ አልጥልም።» ብርቱካኑን ልጬ በእጁ አስያዝኩት። ስድስት ሳምንት ነበረኝ፤ አምስቱን በዝምታ ጨረስኩ። ብናገር ያንቺን የመጨረሻ ቃል ሐሰት ማድረጌ ነው። ባልናገር ቅዳሜ ደርሶ ግርማ ወደዚያ ጥምዝ ሊመለስ ነው።

መጨረሻ ላይ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ተናዘዝኩ። «ሲሊንደር ምንድን ነው?» አሉኝ። «የሞተር ጉሮሮ ነው አባ።» «ስንት ነበር?» «ስምንት።» «የነገርካትስ?» «አራት።» በጣታቸው ቆጠሩና «እንግዲያው የዋሸኸው አራቱን ብቻ ነው» አሉኝ፤ ለአንዱ ሲሊንደር በአሥር ሂሳብ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ተነስቼ መስቀላቸውን ልስም ስል ግን መስቀሉን ወደ ኋላ ያዙት። «ልጄ፣ የሞተችውን እኔና አንተ በጸሎት እንለምናታለን፤ ጊዜ አላት። በሕይወት ያለው ሰውዬ ግን ቅዳሜ ሊወርድ ነው ትለኛለህ። ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሐሙስ ጠዋት ጫጫ ሄድኩ። ግርማ ግቢው ውስጥ ነበር። ጀሶው ተፈትቷል፣ ክንዱ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስል ቀጥኗል። በዚያ ክንድ ተሳቢውን ከመንጠቆው ጋር ሊያያይዝ ይታገላል። አልዩ አምባ የሚራገፈው የገብስ ጆንያ ተደርድሯል። «ጋሼ፣ ጥሩ ሰዓት መጣህ፣ ያዝልኝ» አለኝ።

«ግርማ፣ ና ኮፈን ክፈት» አልኩት።

«የማንን?»

«የኔን።»

«ምን ሆነ፣ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ችግሩ እሱ ነው።»

ዶሮዋ አብራኝ አልመጣችም እንጂ እሷም ብትመሰክር ደግ ነበር። ኮፈኑን ከፈተ። ከጎኑ በምላጭ የፋቅኩት ምልክት ሞተሩ ክዳን ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ለካ ምላጭ የማይደርስበት ቦታ አለ። ግርማ አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ይኼ መቼ የተቀየረ ነው?» አለኝ። አልተቀየረም አልኩት፤ ከመጀመሪያው ይኼው ነው። «የሺ ዳገቱን ስትወጣስ?» ይኼው ነበር። «ታውቅ ነበር?» አታውቅም አልኩት።

ሊመታኝ መሰለኝ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያውም ወደ ጤነኛው እጁ በኩል ዞሬ ቆምኩለት። እሱ ግን የሞተሩን ክዳን እያየ «እህቴን አስዋሸሃት» አለ። «በዕድሜዋ ሙሉ ዋሽታ የማታውቀውን፣ የሞት አልጋዋ ላይ ለወንድሟ አስዋሸሃት።» ከዚያ ኮፈኑን ዘጋው። ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ያ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ብሎ አልጠራኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ትልቁን መኪና ከከተማው ወዲያ አቁሜ አንኮበር ዳገቱ አናት ላይ በእግሬ ሄጄ ቆምኩ። ግርማ መጣ። አናቱ ላይ ቆመ። ጆንያውን አወረደ፣ መንገድ ዳር ደረደረው፣ ግማሹን ብቻ ይዞ በመጀመሪያ ማርሽ እየተጎተተ ወረደ። ተመልሶ መጣ፤ የቀረውን ጫነ፤ ደግሞ ወረደ። እንደ ድሮሽ፤ እኔ ሳላበላሽሽ በፊት እንደ ነበርሽው። በሁለተኛው ሲያልፍ አጠገቤ ሲደርስ ክላክስ አደረገ። ለእኔ ይሁን ለከብት አላወቅሁም፤ መንገዱ ላይ ከብት ነበረ።

በሰው የላከብኝ መልእክት «ሙት ዓመቷ ላይ ይምጣ፤ በእግሩ ግን» የሚል ነው። እመጣለሁ። የመኪናውን ምልክትም መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ ትንሽ ተዛንፏል።

ማስታወስን በተመለከተ የምገባልሽ ቃል ይኼ ነው። በሙት ዓመትሽ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በልቶ ሳይነሳ፣ ቆሜ እናገራለሁ። የየሺ ቃል «ግማሽ ጭነት፣ ሁለት ምልልስ» ነው እላለሁ፤ ሌላው ቃል የእኔ ነው፤ በአፏ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ሽማግሌው ስለ ሞተር ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። ግርማ ፊቱን ቢያዞርብኝ ጀርባውን እያየሁ እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላም በሕይወት እስካለሁ ያን ዳገት ወጥቼም ሆነ ወርጄ ሳላቆም አላልፍም። እወርዳለሁ፣ ግማሹን አራግፋለሁ፣ ስምሽን እጠራለሁ፣ ሁለቴ እመላለሳለሁ። ስምንቱም ሲሊንደር ሁሉንም ባንዴ ማውጣት እየቻለ።

ባልሽ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ መኪናው የተገዛበትን ቀን አስመልክቶ «ትንሹ ነው አልኩሽ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም» ተብሎ የተገለጸው ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ለነፍስ አባታችንም ሆነ ለግርማ በዚሁ መልክ የቀረበው ከእውነት የራቀ ነው። «እውነትህን ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ የምርመራሽ ፖስታ ገና አልተከፈተም ነበር። ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የተባለው ቃል «ትንሹ ነው፤ አንቺ ትሙች» ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና አሳስባለሁ።